ፍሪዘር ገዝቼ ሽማግሌ ተላከብኝ

ሐበሻ ፍርድ ቤት ይፈራል የሚላችሁን ሰው አትመኑት! እኛ የምንፈራው ፍርድ ቤቱን አይደለም፤ «ከሰሰችው» መባልን ነው። ዳኛ ፊት መቆምማ ምን አለበት? ችግሩ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ በር ላይ ጎንበስ ብለን ጫማ ስናደርግ፣ ጎናችን ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቻትና...» ሲሉ ነው። ያቺ «ያቻትና» ይግባኝ የላትም!

እኔ ደግሞ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ጠርጣራ ነኝ። ምድጃ ማጥፋቴን ለማረጋገጥ ከአውቶቡስ ፌርማታ እመለሳለሁ። ክሬዲት ካርድ ያወጣሁትም በልጄ በሊዲያ ውትወታ ነው። ካርዷ በፖስታ ስትመጣ በፎይል ጠቅልዬ ካልሲ ውስጥ ደበቅኳት።

«ማም፣ ካርድ እኮ ሊጠቀሙበት ነው!» አለችኝ ሊዲያ።

«የእሳት አደጋ መኪናም ሊጠቀሙበት ነው፤ ግን በየቀኑ አይጠራም።»

በኋላ ግን ያቺን መኪና የምጠራበት ቀን መጣ።

ባለፈው ፋሲካ እኛ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ያለን ቤተሰቦች ተሰባስበን ቅርጫ ገባን። በሬው ገጠር ካለ እርሻ ተገዛ፤ የኔ ድርሻ ሁለት መደብ ሆነ። ሁለት መደብ ስጋ በሩቅ ሲያወሩት ደስ ይላል። ቤት ሲመጣ ግን መተኛ የሚፈልግ እንግዳ ነው! የኔ ፍሪጅ ላይኛው ክፍል የሚችለው የሊዲያን አይስክሬምና አንድ ከረጢት አተር ነው። ስለዚህ ትልቅ ፍሪዘር መግዛት ግድ ሆነ። ማን ጋ ይኬዳል? ጌቱ ጋ ነዋ!

ጌቱ ሊንውድ መጋዘን ተከራይቶ የቤት ዕቃ የሚሸጥ፣ የቤተክርስቲያናችን ልጅ ነው። ሰላምታው ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የእናንተን ጤና፣ የልጆቻችሁን ጤና፣ አገር ቤት ያሉትን ዘመዶቻችሁን ሁሉ ጠይቆ ሲጨርስ ዋጋ መከራከር ነውር ይመስላችኋል። ጥግ ላይ የቆመ፣ አንድ ጎኑ ትንሽ የተጫረ ነጭ ፍሪዘር አሳየኝ።

«ሰባት መቶ ሃምሳ ነው እህቴ። ካሽ ከሆነ ሃምሳ ዶላር እቀንስልሻለሁ። ካርድ ከሆነ ግን ሦስት ፐርሰንት እጨምራለሁ።»

እጄ ወደ ካሹ ሄደ። ሊዲያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማም፣ ዩዝ ዘ ካርድ።»

«ሰባ ዶላር ልዩነት እኮ አለው!»

«ማም... ፕሊስ!»

ትምህርት ቤት ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያስተምሩት ክፍል አላቸው፤ እዚያ የሰማችውን ነው የምታስፈጽመው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት የተማረ ሲናገር ዝም እላለሁ። ካርዷን ከፎይሏ ፈትቼ ሰጠሁት። ግን የራሴንም ጥንቃቄ አልተውኩም፤ አንድ ፖስታ ከቦርሳዬ አውጥቼ «ካልሠራ እቀይራለሁ ብለህ ፈርምልኝ» አልኩት።

«እንዴ! አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ ጌቱ። አንተ ብቻ ጻፍልኝ።»

ጻፈ፤ ፈረመም። ፍሪዘሩ ውስጥም እጄን ከትቼ አየሁ። ቀዝቃዛ ነው! ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ገና ሙቀት ባልገባበት ወር የሊንውድ መጋዘን ራሱ ፍሪዘር ነው! እዚያ የተደረደረውን ወንበር ብነካም ያው ይቀዘቅዝ ነበር።

ፍሪዘሩ ቤት ገባ፣ ተሰካ። ድምፁ ሊነሳ ያኮበኮበ አውሮፕላን ይመስላል። «ጉልበት አለው» ብዬ ስጋውን አሰናድቼ ከተትኩ። በበዓሉ ማግሥት ጠዋት ወደ ኩሽና ስገባ እግሬ ረጠበ። ወደ ታች ሳይ... ቀይ ውሃ! እናንተዬ፣ ለአፍታ ሰው የተገደለ ነበር የመሰለኝ።

ያን ዕለት ስጋዬ ተሰደደ። አንድ ጭን ሦስተኛ ፎቅ፣ ጎድኑ ከሥራ ባልደረባዬ ቤት፣ ጥብሱ ደግሞ አጠገባችን ካለችው ቬትናማዊት ጎረቤቴ ፍሪዘር ውስጥ ጥገኝነት ጠየቀ። ሴትየዋ እንግሊዝኛዋ እንደኔው ነው፤ ስጋውን አቅፌ በሯ ላይ ስታየኝ ግን ምንም ሳልነግራት ገባት። ዓሣዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

ወዲያው ጌቱን ኮል አደረግኩ።

«እህቴ፣ ፍሪዘር እንደ ሰው ነው፤ አገር እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ቀን ስጪው።»

ሦስት ቀን ሰጠሁት። አልለመደም።

«ምናልባት ቤትሽ ይሞቅ ይሆናል?»

«የሲያትል ቤት ጌቱ? ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው!»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል እህቴ።»

አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ስልኩን ማንሳት ተወ። ባለቤቴ? ባለቤቴ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ሥራ ይበዛበታል።

በመጨረሻ ሊዲያ «ዲስፒዩት እናድርግ» አለች። በክሬዲት ካርድ የከፈልሽበት ዕቃ ቃል እንደተገባልሽ ካልሆነ፣ ሻጩም እምቢ ካለ፣ ለባንኩ ታመለክቻለሽ፤ ባንኩ ነገሩን እስኪያጣራ ድረስ ያንን ብር ክፈይ ብሎ አያስገድድሽም፤ ሕግ ነው አለችኝ። ማመልከቻው የካርዱ ሂሳብ በመጣ በስልሳ ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ በጽሑፍም ቢሆን ይመረጣል። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ካርድ እዳ ብቻ መስላኝ ነበር። ለካ ጠበቃም ናት!

ወደ ባንኩ ደወልን። አንዲት ትሁት ሴት አነሳች።

«ችግሩን መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ለመፍታት ሞክረዋል?»

«አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች» አለች ሊዲያ።

«ሻጩ ምን መለሰ?»

ሊዲያ ዞር ብላ አየችኝ። እንዴት ብላ ታስረዳት? «እግዚአብሔር ያውቃል ብሏል» አለቻት።

«እሺ... ‹መፍትሔ አልሰጠም› ብዬ ልመዝግበው?»

«ይሻላል» አለች ሊዲያ።

«ሕጉ ቅርብ ላለ ሱቅ ነው፤ ሱቁ ከቤታችሁ በመቶ ማይል ውስጥ ነው?»

ሊዲያ ስትተረጉምልኝ ሳቄ መጣ። «እንኳን በመቶ ማይል! እሑድ እሑድ ከኔ ሁለት ክንድ ርቆ ነው የሚቆመው በያት!»

የተፈረመውን ፖስታ ከነትርጉሙ፣ የቀዩን ውሃ ፎቶ፣ የደወልኩበትን ሁሉ ዝርዝር ላክን። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፌ ጠፋ። ብሩን ካጣሁ የሁለት ወር ትርፍ ሰዓት ሥራዬ ውሃ በላው ማለት ነው። ብሩን ካገኘሁ ደግሞ ስሜ «ያቻትና» ይሆናል። ሁለቱንም ማዳን እንዴት ይቻላል? ጌቱ እንደሆነ ቤተክርስቲያን ሲያየኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እንደ ተበደለ ሰው በረጅሙ እየተነፈሰ ማለፍ ጀምሯል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባባ ተክሉና ጋሽ በቀለ! አባባ ተክሉ ቤተክርስቲያናችን ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚታረቅባቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሽ በቀለ ደግሞ አብረዋቸው ሄደው «ልክ ነው» የሚሉ ናቸው። ሽማግሌ ተላከብኝ! ልጄን ሊጠይቁ ቢሆን እንኳ እንደዚያ አልደነግጥም። ሻይና ዳቦ አቀረብኩ፤ ሻዩን ብርጭቆውን ስቼ ሳህኑ ላይ ቀዳሁት።

«ልጄ፣ ጌቱ አዝኗል» አሉ አባባ ተክሉ።

«እኔም አዝኛለሁ አባባ።»

«አንቺ አዝነሽ ቤትሽ ነሽ። እሱ ግን ባንክ ድረስ ተከሷል።»

«ኧረ አልከሰስኩትም! ዲስፒዩት ነው ያደረግኩት።»

«ዲስፒዩት በአማርኛ ምንድነው?»

ሊዲያ ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ ፊቷ በርቶ፣ «ሙግት!» አለች። ሌላ ጊዜ አማርኛ ተናገሪ ስላት ጆሮዋን የሚይዛት ልጅ፣ ያን ቀን ምን አንደበቷን እንደፈታው እግዜር ይወቀው!

«ሙግት?!» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ዳቦውን አስቀምጠው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ አባባ ተክሉ። «በወንድምና በእህት መሃል ባንክ ምን ያገባዋል? ነገ ደውለሽ ‹ታርቀናል፣ ትቼዋለሁ› በያቸው። እሱም ሌላ ፍሪዘር ያመጣልሻል።»

«መቼ አባባ?»

«ሲመቸው ነዋ።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ማም፣ ኖ!» ሊዲያ ብድግ አለች። «ኢፍ ዩ ካንስል፣ ኢትስ ኦቨር! ከተውሽው አለቀ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በአንድ በኩል ልጄና የአሜሪካ ሕግ፣ በሌላ በኩል ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች። ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ! እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው። አፌ ትልቅ ሰው ሲያይ ሳያማክረኝ እሺ የማለት ልማድ አለው። ሊዲያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያ ሁሉ ትርፍ ሰዓት በዓይኔ እያየሁት ሄደ።

አባባ ተክሉ መርቀውኝ ሲጨርሱ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ይህንንም አሳዩልኝ ብሎናል። በወንድምሽ ላይ ምን እንዳጻፍሽበት እይው።»

ወረቀቱ ለጌቱ ካርድ ከሚያስከፍልለት ድርጅት የተላከ ነው። ሊዲያ ተቀብላ አነበበች። እንደገና አነበበች። አይኗ ፈጠጠ።

«አባባ፣ ጌቱ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ልኳል?»

«የምን መልስ? መልሱ እኛ አይደለን እንዴ!»

«የመመለሻው ቀን እኮ አርብ አልፏል!»

«አርብማ እኔ ቤት ነበር» አሉ አባባ ተክሉ። «ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ሲለምነኝ ነው የዋለው።»

ሊዲያ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ማም! ባንኩ ትናንት ዘግቶታል። ሻጩ አልመለሰም፣ ብሩ ያንቺ ነው ይላል። ዩ ዎን!»

እልል ልል ፈልጌ ነበር። ግን በትልቅ ሰው ፊት የእርቅ ተሸናፊ ሆኜ ተቀምጬ፣ የሙግት አሸናፊ ስሆን ምን ዓይነት ፊት ላሳይ? ከንፈሬን ነክሼ ሻይ ጨመርኩላቸው። «እንግዲህ ባንኩ ከዘጋው የምተወው ነገር የለም አባባ። ፍሪዘሩን መጥቶ ይውሰድ» አልኩ።

አባባ ተክሉ ወረቀቱን ገለባብጠው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ የምልሽ... እኔም አምና ከሱ ገዝቼ ነበር።»

«ምን?»

«ፍሪዘር ነዋ። ይኸው እስካሁን አገር አልለመደም። ጋቢዬን አስቀምጥበታለሁ።»

ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፉ። «የኔም ማጠቢያ ማሽን በረንዳ ላይ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ጠረጴዛ ነው እላለሁ።»

«እና ዝም አላችሁት?!»

«ምን ይሁን ብለሽ ነው? ልጃችን አይደል!» አሉ አባባ ተክሉ። ወደ ሊዲያ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ እስኪ ያንን ዲስፒዩት ለኛም አድርጊልን።»

«በምን ከፈላችሁ?»

«በካሽ። ሃምሳ ዶላር ቀነሰልን» አሉ ሁለቱም እኩል።

ሊዲያ ራሷን ነቀነቀች። ይህ የካርድ ሕግ ለካሽ እንደማይሆን፣ በካሽ ለከፈለ ሰው ያለው አነስተኛ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ፍርድ ቤት! እኔ?» አባባ ተክሉ አማተቡ። «ሽማግሌ ይላካል እንጂ!»

ማን ይላካል? ሽማግሌዎቹ እነሱ ናቸው! ቀስ ብለው ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊንውድ ሄድኩ። ጌቱ ሲያየኝ ሰላምታውን ከአያቴ ጀመረ። አቋረጥኩት።

«እኛ ጨርሰናል ጌቱ። ዛሬ የመጣሁት ሽማግሌ ሆኜ ነው። ሁለት ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ልከውኛል።»

«አንቺ? ሽማግሌ?» ሳቀ። «እነማን ናቸው?»

ነገርኩት። ሳቁ ቆመ። ግን ጌቱ አይደል? ወዲያው ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ይሄማ እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። እኔም የራሴን ሽማግሌ እልካለሁ።»

«እነማንን?»

ጣቱን ለመቁጠር አነሳ፤ መልሶ አጠፈው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ፓርክ ያደረግኳት መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ አባባ ተክሉና ጋሽ በቀለ ቀበቷቸውን አስረው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በአራት ዓይን እያዩት ነው።

«ጌቱ» አልኩት በትሕትና፣ «ሽማግሌ አልቆብሃል።»