ቬርና ታልክ የሰው ስልክ ስታነሳ

በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። የጎረቤት ስልክ ሲጮኽ ጆሮዋ ቀጥ የሚል፣ ባለቤቱ «ሃሎ» ብሎ ሳይጨርስ እጇን የምትዘረጋ፣ በሰው ነገር ደሟ የሚፈላ ሴት። እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ሰፈር ካለ ወይ ስልክ አልገባበትም፣ ወይ ዕዳ የለበትም። ሞርዌል የሚባለው የከሰል ከተማ ደግሞ ሁለቱም ተርፈውታል።

የሞርዌሏ፣ ክብርት ወይዘሮ ቬርና ታልክ ትባላለች። ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ልጆች ስታሰልፍ ስለኖረች ድምፅዋ ሦስት ግቢ አልፎ ይሰማል፤ ምላሷ ጤፍ ይቆላል። የድንጋይ ከሰሉ ኃይል ማመንጫ ተዘግቶ ጭስ ማውጫዎቹ በፈንጂ ከወደቁ ወዲህ፣ ለአገር ሁሉ መብራት ሲልክ የኖረው ሸለቆ የራሱን መብራት መክፈል አቅቶታል። የመብራት ኩባንያው ጠይቆ ጠይቆ ሲታክተው ዕዳውን ለሰብሳቢዎች ያስተላልፋል። ሰብሳቢዎች አይታክታቸውም። ቁርስ ላይ ይደውላሉ፣ ምሳ ላይ ይደውላሉ፣ ባለዕዳው ገላውን ሊታጠብ መግባቱን የሚነግራቸው ያለ ይመስል ያኔም ይደውላሉ።

«ስልኩን ወዲህ በለው!» ትላለች ቬርና። ከዚያ ወደ ደዋዩ ትዞራለች። «ስምህ ማነው የኔ ጌታ? እሺ። እናትህ ይህን ሥራ እንደምትሠራ ታውቃለች?»

ትርፉ ምን እንደሆነ አይጠየቅም። ከመንገዱ ማዶ ላለችው ለትሪሽ ብላ አንዱን ደዋይ አስለቅሳዋለች ይባላል፤ ዕዳው ግን ሳንቲም አልቀነሰም። ለአንድ የልጆች አባት «ጠበቃው ነኝ» ብላ ብትገባለት ሰብሳቢዎቹ እውነተኛ ጠበቃ አቆሙበት። አንድ ቀን ደግሞ ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ ከተቀመጡ ሽማግሌ እጅ ስልክ ነጥቃ፣ ቀጠሮ ሊያስታውስ የደወለውን የጥርስ ሐኪም እናቱ ታውቅ እንደሆነ ጠይቃዋለች። ሽማግሌው እስካሁን ሌላ የጥርስ ሐኪም አላገኙም።

ሊዮ ቤዚና ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ነው። በልጅነቱ ከማልታ መጥቶ ዕድሜውን በማመንጫው ቦይለር፣ በእንፋሎት ማፍያው ፊት የጨረሰ፣ ሁለት ቃል ከተናገረ አንዱ የሚቆጨው ዝምተኛ ሰው። ቬርና በፊት በር ስትመጣ በጓሮ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ሚስቱ ዶሪስ ነበረች እየሳቀች የምታስተናግዳት። ዶሪስ ግን የመጨረሻ ክረምቷን አልጋ ላይ አሳለፈች። የኦክስጅን መሣሪያውና ማሞቂያው ሌት ተቀን ሳይጠፉ ከረሙ። ሊዮ ቆጣሪውን ዞር ብሎ አላየውም፤ ምን ብሎስ ያየዋል? ዶሪስ ሞተች፣ የመብራቱ ሂሳብ መጣ፤ ሳይከፈል ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ሰብሳቢዎቹ ጋ ደረሰ። ውሉ በእሷ ስም ነበር።

ስለዚህ ስልኩ ሲጮኽ የሚጠሩት እሷን ነው።

«ወይዘሮ ዶሪስ ቤዚናን ማነጋገር እችላለሁ?»

ሊዮ መጀመሪያ ሲጠይቁት አፉ አልታዘዝ አለው። «ወጣ ብላለች» አለ።

«መቼ ትመለሳለች?»

«ወደ ማታ።»

በማግስቱም ወጣ ብላ ነበር። በሳምንቱም። አንዴ ገበያ ሄደች፣ አንዴ እህቷ ጋ፣ አንዴ ፀጉሯን ልትሠራ። ሊዮ ውሸቱን እየለመደው ሄደ፤ ይባስ ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ በሩ ላይ ኮቴዋን የሚያዳምጥበት ቀን መጣ።

ቬርና የደረሰችበት የዱባ ሾርባ ይዛ ስትገባ ነው። ሊዮ ስልኩን ይዞ «ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች» ሲል ሰማችው። ሾርባውን አስቀመጠች። «ስልኩን ወዲህ በለው» አለች፤ ግን አልጮኸችም። ተቀበለችው። የደዋዩን ስም አልጠየቀችም፤ ስለ እናቱም አላነሳች።

«ዶሪስ ሞታለች» አለች። «ቀብሯ ላይ ሻይ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንዳትጠሯት።»

ሊዮ ክው አለ። ያን ቃል በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር። «ማን ፈቀደልሽ?» አላት። «ማን ፈቀደልሽ፣ ቬርና? ውጪልኝ።»

«ሊዮ፣ እኔ እኮ...»

«ውጪልኝ አልኩሽ!»

ወጣች። ሾርባው እዚያው ቀዘቀዘ።

ስልኩ አልቆመም። መዝገቡ ገና አልተስተካከለም ነበርና ሌላ ሰው፣ ልጅ እግር ሴት፣ በዚያው በጨዋ አነጋገር ዶሪስን ጠየቀች። ሊዮ እንደ ወትሮው «ወጣ ብላለች» ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። አንዴ ከተባለ ተብሏል።

«ሞታለች» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በጣም አዝናለሁ» አለች ልጅቱ፣ እውነት ያዘነች ትመስላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከፊቷ የተጻፈላትን አነበበች፣ «ሂሳቡን ከአሁን በኋላ የሚከፍለው ማነው?»

ሊዮ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣ። «እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አለ። «ሌላ ማን አለ?» ከጡረታው በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሊከፍል ተስማማ።

ያን ለት ነው ቬርና መጥፋቷን ልብ ያለው። ድምፅዋ በአጥሩ በኩል ከተሰማ ሰንብቷል። ሰው በንዴቱ አንዲትን አሮጊት ካባረረ፣ ቢያንስ ድስቷን ይመልሳል። ድስቱን አጥቦ ከሰዓት በኋላ ሄደ።

ቬርና በሩን የከፈተችው ካፖርትና የሱፍ ቆብ አድርጋ ነው። ቤቱ ከውጭው ይበርዳል። የፍሪጁ በር ተበርግዷል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ የተበላሸ ወተት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የነደደ ሻማ ቆሟል።

«ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው» አለች።

ሊዮ የሰማይ ስባሪ በሚያህል ቦይለር ሥር የኖረ ሰው ነው፤ የተበላሸና የተቆረጠ መብራት ይለያል። ያኔ ከወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎች ሥር የታፈነ ስልክ መጮኽ ጀመረ።

«ስልክሽ ይጮኻል።»

«አይጮኽም።»

«ቬርና፣ እየሰማሁት።»

እዚያው ወንበር ላይ ዝልፍልፍ ብላ ተቀመጠች። «የሰው ሲሆን ነው የምችለው፣ ሊዮ» አለች። «የራሴ ሲሆን ስሜን ሲጠሩኝ ልቤ ይቆማል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንድም ቀን አንስቼው አላውቅ። ወረቀታቸውንም አልከፈትኩም። ሞኝ ነኝ በለኝ።»

ሊዮ መሳቢያውን ከፍቶ ፎጣውን ገለጠ። ስልክ ማናገር ከሞት እኩል የሚከብደው ሰው ነው። አነሳው።

«ሊዮ ቤዚና እባላለሁ። ጎረቤቷ ነኝ። መብራቷ ተቆርጧል፣ እሷም ልትከፍል ትፈልጋለች፣ በአቅሟ። እባክዎ።»

ደዋዩ ባለዕዳዋ ራሷ ካልፈቀደች ከሱ ጋር መነጋገር እንደማይችል ነገረው። ስሟንና የልደት ቀኗን ራሷ መናገር አለባት። ሊዮ ስልኩን አፏ ዘንድ ያዘላት። ያቺ ሦስት ግቢ የሚያልፍ ድምፅ ያላት ሴት በሹክሹክታ ስሟን ተናገረች፤ የልደት ቀኗንም። ለሰፈሩ ከምትናገረው በአምስት ዓመት ትበልጥ ኖሯል። ሊዮ መስኮቱን እያየ ያልሰማ መሰለ።

«ይጠብቁ» ተባሉና ሙዚቃ ተለቀቀላቸው። ጠበቁ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ሸሸ። ሰውየው ሲመለስ በየሁለት ሳምንቱ የምትከፍለውን ቆረጡ። መብራቱ ግን ከሐሙስ በፊት አይቀጠልም አለ።

ሊዮ ወደ ቤቱ ሄዶ ረጅሙን የኤሌክትሪክ ገመድ አመጣና በአጥሩ ላይ አሳልፎ በመስኮቷ አስገባው። የዶሪስን ማሞቂያ ሰካላት። ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ብረቱ እስኪቀላ ቆሙ። ሂሳቡ በማን ላይ እንደሚቆጥር ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

መብራቱ ሐሙስ መጣ። ዓርብ ጠዋት ቬርና ገመዱን ጠቅልላ ከነማሞቂያው በሩ ላይ ቆመች። ተመልሳ የድሮዋ ቬርና ሆናለች።

«ገመድህ አጭር ነው፤ አልጋዬን ወጥ ቤት ድረስ ነው ያስጎተተኝ» አለችው። «ደግሞስ ‹እባክዎ› ይባላል? ለነሱ? እንዲህ እያልክ ነው የናቁን!»

«ተቀጠለልሽ አይደል?»

«ብጮኽበት ኖሮ ረቡዕ ይቀጥለው ነበር።» አልፋው ገብታ፣ ሳትጋበዝ፣ ሻይ ጣደች።

ይኸው ክረምቱ አልወጣም፣ የሁለቱም ዕዳ አላለቀም። ደዋዮቹም አልፎ አልፎ ይደውላሉ። ቬርና የሱን ስልክ ታነሳለች፣ ሊዮ የእሷን። እሷ ደዋዩን ስትሰድብ እሱ እጁን እያወራጨ «ተይው» ይላታል፤ እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ እሷ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትሰቅላለች። ሰው ቢጠይቀው ሊዮ «ይህች ሴት ራሴን አዞረችው» ማለቱ አይቀርም። ግን ጠዋት የቁርሱ ሰዓት አልፎ ቬርና በሩን ካላንኳኳች፣ ዜናውን ሳያስጨርስ ሬዲዮኑን ያጠፋና ኮቱን ይደርባል።