ክቡር አማካሪና የሐሙስ ካፖርቶች

በየሰፈሩ ማንም ያልሾመው አማካሪ አለ። ሐኪም ሲታመም መድኃኒት የሚያዝለት እሱ ነው። መካኒክ መኪና ሥር ሲገባ ከላይ ቆሞ «እሷን አይደለም፣ አጠገቧ ያለችውን ፍታ!» የሚለውም እሱ ነው። ምክሩን ማንም አይሰማውም፤ እሱም ባይሰሙት ቅር አይለውም። የኛ ሰፈሩ ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ ምክንያቱም የኛው ማይክ አላቸው።

በሌሉበት ክቡር አማካሪ እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ ክፍል ተቀምጠው፣ የሰው እሮሮ ሲሰሙ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚያን ሁሉ ዓመት ዝምታ ነው አሁን የሚከፍሉን። ልጃቸው ማይክ በስጦታ አመጣችላቸውና በስልክ የሚደመጥ ፖድካስት ጀመሩ፤ ባለሱቁን ሁሉ እየጠሩ ያወያያሉ። ርዕሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ድርጅቶች በብሎግ እንዴት ይጠቀማሉ? ብሎግ ማለት በሳቸው አነጋገር ባለሱቅ ኢንተርኔት ላይ ስለ ሥራው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። «ሰው ቅሬታ የሚያመጣው ሳይነገረው ሲቀር ነው፤ ንገሩት!» ይላሉ።

አንድ ሱቅ ሲገቡ ሰላምታ የለ ምን የለ፤ «ብሎግ አላችሁ?» ነው። ቁልፍ ቀራጩን ሲጠይቁት «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቁልፍ ነው የምቀርጸው» አላቸው። «እኮ! ብሎግ የሌለው ሱቅ ቁልፉ የጠፋ ቤት ነው!» አሉት። አበባ ሻጯ ዘንድ ሲደርሱ ብሎግ የሌለው ሱቅ ውኃ ያላገኘ አበባ ሆነ። ጥርስ ሐኪሟ ጋ ሄደው፣ አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ፣ መርፌው እየሠራ፣ «ብሎ… ብሎ…» ሲሉ ሐኪሟ ሊታፈኑ መስሏት ጥጡን ሁሉ ነቅላ አወጣችው። እሳቸውም «ብሎግ አለሽ ወይ?» ብለው ጨረሱ። እሷም በድንጋጤ እንግዳቸው ለመሆን ተስማማች።

እኔን ከሳቸው ጋር ያቆራኘኝ ካፖርት ነው። ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ላውንደሪ አለን፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች። ክቡር አማካሪ ቤታቸው ሲቀዱ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየነጠረ ስላስቸገራቸው፣ የሱፍ ልብስ ድምፅ ይውጣል ሲባል ሰምተው ጓዳችንን ለመኑን። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በሩን ከፍተው «ካፖርት ስንት አለ?» ይላሉ። እንዴት አደራችሁ የሚሉት ቁጥሩን ከሰሙ በኋላ ነው። ላስቲኩ እንዳይንኮሻኮሽ ከየልብሱ ላይ ይገፈፋል፤ እንግዳው በማያውቀው ሰው ካፖርቶች መሃል በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ቀና ቢል የገዛ ካፖርቱ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። «ገና ነው ያላችሁኝ ይኼ አይደለም እንዴ?» አለ። «ቁልፍ ይቀረዋል» ብዬ ወጣሁ።

ውይይት ካሉት ነው እንግዲህ ውይይት የሚባለው። «አንድ ጥያቄ ብቻ!» ብለው ይጀምራሉ። ጥያቄው ሰባት ቅርንጫፍ አለው፤ ሰባቱንም ራሳቸው ይመልሱታል። እንግዳው አፉን ሲከፍት «ልክ ነህ!» ብለው ይቀጥላሉ፤ ምን ሊል እንደነበር እግዜር ይወቀው። ፖድካስቱን እኔ አንድም ቀን ከፍቼ አላዳመጥኩትም። ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁት ለዕድሜ ልኬ ይበቃኛል።

እንዲህ እያለን ከፊት ለፊታችን ትልቅ ላውንደሪ ተከፈተ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ልብስ ከቤት በሞተር ይወስዳል፣ በሞተር ይመልሳል። የኛ ማንጠልጠያዎች ባዷቸውን ቀሩ። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ካውያዋን አስቀምጣ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ እንይ፤ ካልሆነ ማሽኖቹን እንሽጥና አንተም ሰው ቤት ተቀጠር» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት የቆየንበት ቤት ነው። 

ክቡር አማካሪ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «በቃ፣ በሚመጣው ሐሙስ እንግዳዬ አንተ ነህ! ብሎግህንም እንጀምራለን!»

«እሳቸው የጨነቃቸው ካፖርቱ ነው» አለች ባለቤቴ በጆሮዬ። እኔም ልቤ ያንኑ ነበር የሚለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እሺ አልኩ።

ሐሙስ በሦስት ካፖርትና በአንድ ብርድ ልብስ መሃል ተቀመጥኩ። «አንድ ጥያቄ ብቻ! ላውንደሪ ምን ብሎግ ይጽፋል? ስለ ሳሙና? አይደለም! ስለ ማሽን? ማን ያነበዋል!» እያሉ ቀጠሉ። እኔ ስለ ዘይት እድፍ ልናገር ስል ስለ ቀለም እድፍ ነገሩኝ፤ ስለ ቀለም ስጀምር ስለ ዝገት። አርባ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ስንጓተት ደሜ ፈላ።

«ጋሼ! እኔ የምጽፈው ነገር ቢኖር ስላቃጠልኩት ሱሪ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ክቡር አማካሪ ዝም አሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲሉ አየኋቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔን ግን ያ ዝምታ ነው ያስለፈለፈኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ባለቤቴ በሌለችበት ቀን፣ አንድ ሙሽራ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ የሱሪውን መቀመጫ በካውያ አቃጠልኩት። ሥርዓቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ቤት ሮጥኩና የራሴን የሰርግ ሱሪ፣ ያንኑ ጥቁሩን፣ አምጥቼ አለበስኩት። ባለቤቴንስ? ሱሪውን ብል በላው አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ብል ትረግማለች፤ በየዓመቱም የብል መድኃኒት እየገዛች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትበትናለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ተናግሬ ስጨርስ ላብ አጠመቀኝ። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ይቺን ይቁረጧት!»

«አይዞህ፣ የሚቆረጠውን አውቃለሁ» አሉኝ፣ ማይካቸውን እየጠቀለሉ።

ቅዳሜ ፖድካስቱ ወጣ። ሱሪዋ መቆረጧን ለማጣራት፣ ባለቤቴ ወደ ካውያዋ እስክትዞር ጠብቄ ጓዳ ገብቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። የክቡር አማካሪ ድምፅ የለም! አርባው ደቂቃ፣ ሰባቱ ቅርንጫፍ፣ «ልክ ነህ!» ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። ያለሁት እኔ ነኝ። ስለ ዘይት የጀመርኩት ስለ ዘይት ይጨርሳል፤ የተቆራረጠው ንግግሬ ተገጣጥሞ እኔኑ አዋቂ አስመስሎኛል። እሳቸው አልፎ አልፎ በቀስታ «እሺ… ከዚያስ?» ይላሉ፣ በቃ። የቁልፍ ቀራጩን ከፈትኩ፤ እንደዚያው። የጥርስ ሐኪሟን ከፈትኩ፤ እንደዚያው። እኛ ከመጋረጃ ጀርባ ስንስቅባቸው የነበሩት ሰውዬ በየሳምንቱ ራሳቸውን እየቆረጡ ሲጥሉ፣ የሰውን ቃል ሲለቃቅሙ ነው የከረሙት። 

ወዲያው ደግሞ ሱሪዋ መጣች። አልተቆረጠችም! ከነመቀመጫዋ፣ ከነብሉ አለች።

ከወዲያ በኩል የካውያው እንፋሎት ጸጥ አለ። ለካ ባለቤቴም በራሷ ስልክ ስታዳምጥ ነበር።

«ብል ነው አልከኝ» አለች መጋረጃውን ገልጣ።

«አይ… እንግዲህ…»

«አሥራ አንድ ዓመት! እኔ እኮ ሌላ ሴት ቤት ረስተኸው የመጣህ መስሎኝ ነበር፤ ብሉን አምኜህ መሰለህ?» አለችና ሳቅ አፈናት። የመተኮሻውን ጠረጴዛ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አነሳችና «በል ተናገር፣ ሌላስ ምን አቃጥለሃል? እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ። የላውንደሪያችን ብሎግ በዚያች ቅዳሜ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ርዕስ «ያበላሸናቸው ልብሶችና የተማርንባቸው» ይላል። ረጅም ነው።

ማክሰኞ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ከረጢት አንጠልጥሎ ገባ። ሙሽራው ነው። «ብሎጋችሁን አነበብኩት፤ ይኼ ነገር ከሕሊናዬ ወርዶ አያውቅም» ብሎ ሱሪዬን ዘረጋው። ታጥቦ ተተኩሷል፤ ወገቡ ላይም የፊት ለፊቱ ላውንደሪ ቢጫ የቁጥር ወረቀት ተሰፍቶበታል። ሰውዬው ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ቀላ። «እዚህ ለመምጣት አፍሬ ነው…» አለ። ባለቤቴ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቢጫዋን ወረቀት ጣለችና ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ቢሆንም በደንብ አላጠቡትም» አለች። ከሱ በኋላ ሌላውም መጣ። ሌላ ቦታ የማይለቅ እድፍ የያዘ ሁሉ «እናንተ ካልሆነላችሁ አልሆነም ትላላችሁ» እያለ መጣ። ሀብታም አልሆንንም። ወሩ ግን አለቀ፣ ማሽኖቹም እየዞሩ ነው።

ክቡር አማካሪን ላመስግን ሄጄ ጠብ ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ቁረጡ ያልኩዎትን ትተው ራስዎን ይቁረጡ?»

አፈሩ። እሳቸውን አፍረው አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። «ቅሬታ ክፍል እያለሁ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ቃል አይወጣውም ነበር» አሉ። «ዝም ካልኩት ዝም ይላል። ስለዚህ እስኪናደድብኝ እለፈልፋለሁ፤ ሲናደድ እውነቱን ያወጣዋል። የኔ ወሬ ማሞቂያ ነው። አንተስ ልብሱን ከተኮስክ በኋላ ካውያውንም ጠቅልለህ ለደንበኛ ትሰጣለህ?»

ሰፈርተኛው ሁሉ ለፍላፊ የሚላቸው ሰውዬ ከሁላችን በላይ ሲያዳምጡ ነበር። ልስማቸው ቃጣኝ።

«ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ!» አሉ ወዲያው። «ለሐሙስ ካፖርት ስንት ይኖራል?»

ውድ ደንበኞቻችን፣ ይህን ብሎግ የጀመርነው ጥፋታችንን ልንናገርበት ነውና አንዲት ቀርታናለች። ረቡዕ ይደርሳል ያልናችሁን ካፖርት ለመውሰድ ሐሙስ ስትመጡ «ገና አልደረቀም፣ ዓርብ ይምጡ» የምንላችሁ ሁሉ፣ ደርቋል። ተተኩሷልም። ጓዳ ተሰቅሎ፣ አንድ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲጠይቁ ድምፃቸውን እየዋጠላቸው ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቢሆንም ዓርብ ይምጡ።