እጅጌ የሌለው የሚዜ ቀሚስ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ "አበዛችው" እንዳትሉኝ። የድሮ ጓደኛዬ አሪየት የሠርጓን ፎቶ ፖስት አድርጋ እኔን ታግ አደረገችኝ!

ፎቶው ላይ እኮ የለሁም።

ለምን የለሁም? እሺ፣ ልናዘዝ።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነች ሰሞን ነው። ሁለታችንም ጤና ጣቢያ ነርሶች ነበርን፤ እኔ ከደጋ ተመድቤ የሄድኩ፣ እሷ የአገሩ ልጅ። ሰው በማላውቅበት ከተማ ቤተሰብ የሆነችኝ እሷ ናት። ልታገባ ስትል አንደኛ ሚዜዋ አደረገችኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም!

ከዚያ የአንዷን ሚዜ ቀሚስ አሳየችኝ። ሮዝ ሳቲን።

እጅጌ የለውም!

እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት የሴት ልጅ ክንድ የሚታየው ገላ ስትታጠብ ብቻ ነው። በዚያ ሙቀት እንኳ እጅጌዬ እስከ አንጓዬ ስለነበር በሽተኞቹ ሳይቀሩ ያዝኑልኝ ነበር። እሷ ጴንጤ እኔ ኦርቶዶክስ፣ "አልለብስም" ብላት ሃይማኖቴን ናቀችብኝ ትላለች ብዬ ፈራሁ። ልብስ ሰፊው ጋ ለልክ ስትጠራኝ "ተረኛ ነኝ" እያልኩ አመለጥኩ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት "ወባ ይዟታል በሏት" ብዬ ላክሁ።

ወባ! ነርስ ለነርስ!

ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ማንጎ ስልጥ መዝሙር ሰማሁ። እየቀረበ መጣ። ሙሽሪት ከነቬሎዋ፣ መዘምራኑን አስከትላ ልትጸልይልኝ እየመጣች ነው! ሮጬ ገብቼ እናቴ ያስያዘችኝን ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ጋምቤላ፣ ብርድ ልብስ፣ አስቡት። ላቤ እንደ ጉድ ሲወርድ አይተው ሁሉም ከልባቸው አዘኑልኝ። ፓስተሩ እንባ አውጥተው ጸለዩ። አሪየት እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብላ ወጣች።

በማግስቱ እሑድ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ መፈወሴ ተመሰከረ። እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ "አሜን" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

እውነቱን ሳልነግራት ተዛወርኩ። ይሄ ነገር ስንት ዓመት ሲከነክነኝ እንደኖረ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ፎቶው ላይ ሦስቱ ሚዜዎች በአንድ በኩል ተደርድረው፣ በሌላ በኩል ከጎኗ ማንም እንደሌለ ሳይ አልቻልኩም። ኮሜንት ላይ ጻፍኩላት። ወባ አልነበረም፣ ክንዴን ላለማሳየት ብዬ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ወዲያው መለሰች።

"እህቴ፣ ግንባርሽን ስነካ አውቄያለሁ። እኔ ለአንቺ እጅጌ ብዬ ትርፍ ጨርቅ ገዝቼ ነበር። ለልክ ስትመጪ ልነግርሽ።"

ስልኩን ደፍቼ ተነፋረቅኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

እናንተዬ፣ አሁን ለዚህች ሴት ምን ተብሎ ነው የሚመለስላት?