ኤማ ጽጌን ስትጾም

ሥልጣን ሰውን ያበላሻል ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እኔን ያበላሸኝ የውሻ መታወቂያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ። ዐይኔን ግላኮማ ወሰደው። እዚህ ጀርመን ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ማለቴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሻንጣ የጫነ ሰው ስለ ወገቡ ይሰጋል እንጂ ስለ ዐይኑ መች ያስባል? ባለቤቴም ካረፈች ቆይታለች። ስለዚህ ኖርድቬስትሽታት የሚባለው ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ቅዳሜን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ቅዳሜ ልጄ ዳዊት ይመጣል፣ ክንዴን ይይዛል፣ ዳቦ እንገዛለን፣ ትንሽ ነፋስ እንቀበላለን፣ ይመልሰኛል። ሌላው ቀን ሁሉ በር የተዘጋበት ነው። የቅዳሜ ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

ከዚያ ኤማ መጣች። ዐይነ ስውር ለመምራት የሠለጠነች ጥቁር ውሻ ናት። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ደስ አላለኝም። እኔ ባደግኩበት ቤት ውሻ ከግቢው በር ዘልቆ ሳሎን አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት እጄን በቀን ሃያ ጊዜ ታጠብኩ። በሦስተኛው ሳምንት እሷ እየመራችኝ ብቻዬን ወርጄ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ያውም ማክሰኞ! ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ እጄን መታጠብ ረሳሁ።

ከኤማ ጋር መታወቂያ ተሰጠኝ፤ ሕጉንም አስረዱኝ። ሱቅ በለው፣ ምግብ ቤት በለው፣ ሐኪም ዘንድ በለው፣ ሕዝብ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ውሻ ይዘሃል ተብዬ አልከለከልም። ይህን ስሰማ የተሾምኩ መሰለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? እኔ እንዳይቆጨኝ ተጣደፍኩ። የሱፐርማርኬቱ ጥበቃ ገና አፉን ሲከፍት ሕጉን በቃሌ እወርድበታለሁ። ሰውዬው እኮ ደህና አደርክ ሊለኝ ይሆናል! እያደር ሳይከለክሉኝ ሲቀሩ ቅር ይለኝ ጀመር። አንድ ቀንማ ይከለክሉኛል ብዬ የሴቶች ጫማ መደብር ገባሁ። ሻጯ ለእኔ ወንበር ሰጠችኝ፣ ለኤማ ውኃ አመጣችላት። ተናድጄ ወጣሁ።

በወር በወሩ የምንጠጣው የእመቤታችን ማኅበር አለን። የሌሎቻችን ቤት ጠባብ ስለሆነ ሁሌም የምንሰበሰበው እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኔ ሁለት ሕንጻ አልፎ ነው። ኤማን ይዤ የሄድኩ ዕለት በሩን ከፍተው ጮኹ። ጠበል ጠዲቅ በቀረበበት ቤት ውሻ! እኔም ደረቴን ነፍቼ መታወቂያዬን አወጣሁ። ሕጉን ከነአንቀጹ አነበነብኩላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጨረስክ?» አሉኝ። «ታዲያ የእኔ ቤት ሱቅ ነው?»

ልክ ናቸው። ሕጉ የሰው መኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይቆማል። «እንግዲያው ደህና ዋሉ» ብዬ ዞርኩ። ይሄኔ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ሐበሻ ውሻ መመለስ ይችል ይሆናል፤ ያልበላ እንግዳ ከደጁ መመለስ ግን አይችልም። እጄን ይዘው ጎተቱኝ። ኤማም ጥግ ላይ እንድትተኛ ተፈቀደላት።

ከገባች በኋላ ግን እንግዳ ሆነች። እንግዳ ደግሞ ዝም ብሎ አይታይም። አንዱ «ይቺ ምስኪን እኮ እያየችን ነው» አለ። ከሰው እጅ እንድትበላ አይፈቀድም፣ ሥራዋን ያበላሽባታል ብዬ አስረዳሁ። ሁሉም «እሺ» አሉ። ሐበሻ ቶሎ እሺ ካለህ ተጠንቀቅ። ከጠረጴዛው በታች የሚሆነውን እኔ በምን ዐይኔ ልየው? አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለ ሁለት ሁለት ይሰጣት ነበር። እትዬ ጥሩወርቅማ በርበሬ ይጎዳታል ብለው አልጫ ለብቻዋ መሥራት ጀመሩ። እኔም ብሆን ቁራጭ ሥጋ ጣል አላደረግኩም ብዬ አልምልልህም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ኤማ አትጮኽም፤ በበላችበት ትመራለች። አንድ ረቡዕ ጠዋት የዐይን ሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ነበረኝ። በኩራት ተከተልኳት፣ ቆመች፣ ከታች ሦስተኛውን ደወል ተጫንኩ። ቴርሚን አለኝ ብዬ በጀርመንኛ ተናገርኩ።

«ግባ እንጂ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከውስጥ። «ለቁርስ ደግሞ ቴርሚን ተጀመረ?»

በሳምንቱ የኤማ አሠልጣኝ ለዓመቱ ምርመራ መጣች። ሚዛን ይዛ የምትዞር ሴት ናት። ኤማ አራት ኪሎ ጨምራለች አለችኝ። እኔ አራት ኪሎ ሲባል የማውቀው ሰፈሩን ነበር። አሠልጣኟ አልሳቀችም። የእግሯ መገጣጠሚያ እየተጎዳ ነው፣ አእምሮዋም መንገዱ ላይ ሳይሆን ምግብ ላይ ነው አለች። ከገና በፊት ተመልሼ እመጣለሁ፣ ካልተስተካከለች እወስዳታለሁ ብላኝ ሄደች። ፈራሁ። ያን ሌሊት እጄን አልጋው ሥር ሰድጄ የኤማን ጆሮ ይዤ አደርኩ።

ቀጣዩ ማኅበር የዋለው በጽጌ ጾም ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የእኛ ማኅበርተኞች ፈቃዱ ስለሌላቸው ዶሮ ቀርቧል። እውነቱን ልናገር ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ይወስዱብኛል፣ ከወሰዱብኝ እቤት እቀራለሁ ማለት ብቻ ነበር። ግን አፌ እምቢ አለኝ። ሕግ ሲጠቅስ የኖረ ሰው እንዴት ብሎ ይለምናል? ምስኪን እንዳይሉኝ ፈራሁ። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር የኤማ ጅራት ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ጉርሻ እየመጣ ነው!

«ኤማ ጽጌን እየጾመች ነው!» አልኩ።

የተዘረጋው እጅ ሲመለስ ተሰማኝ። ጾመኛ የሚያስገድፍ ሰው የት አለ? ተገላገልኩ ብዬ እንጀራዬን ስቆርስ ሳህኔ ከፊቴ ብድግ አለ።

«ውሻይቱ ለእመቤታችን ስትጾም አንተ ዶሮ ልትበላ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ሽሮ መጣልኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት እያደር ከበደ። ሰፈሩ ሁሉ የኤማን ጾም ሰማ። የሥጋ መደብሩ በር ላይ ሳይቀር የሚጠብቀኝ ማኅበርተኛ አይጠፋም። ጽጌ አለቀ ስል የነቢያት ጾም ገባ። አሠልጣኟ ስትመጣ ኤማ አራቱንም ኪሎ ጥላ ጠበቀቻት። ሴትዮዋ ውሻዋ እጅግ ጥሩ ሁኔታ ላይ ናት ብላ ፈረመች። ከዚያ አንገቴ ላይ የሰፋውን የሸሚዜን ኮሌታ ሳብ አድርጋ፣ አንተስ የሚያበስልልህ ሰው አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደስታዬ ሌላ ነበር። ኤማ ቀረችልኝ!

በገና ዋዜማ እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። ኤማ ነገ ትፈስካለች አይደል፣ ቅልጥም አስቀምጬላታለሁ አሉኝ። ኤማ መነኮሰች ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ከዚያ በኋላ የእኔ ምግብ ምን እንደሚሆን ታየኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። እንግዲያው የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ እየበላች ከወፈረች ይወስዱብኛል። ያለሷ ከቤት መውጣት አልችልም» አልኳቸው።



«ይህን መጀመሪያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ጀርመን ያወጣውን ሕግ ከምታነብልኝ!»

በማግሥቱ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ወደ ኤማ አንድም እጅ አልተዘረጋም። የተዘረጋው ወደ እኔ ነው። የእሷ ቅልጥም ሳህኔ ላይ አረፈ፣ የእሷም አልጫ ተጨመረ። ጠገብኩ ብል በሞቴ፣ በቃኝ ብል አፈር ስሆን! ቀበቶዬን ፈታሁ። ኤማ እግሬ ሥር ተኝታ ታንኮራፋለች። ለካ እዚያ ቤት አልበላም ብሎ የመከበር መብት ያገኘችው እሷ ብቻ ናት።