በጀልባ የሄዱት ሃያ ሦስት ልብ ወለዶች

ስለ ነገ የሚጽፉ ሰዎች ለምን እንደሚቸኩሉ አይገባኝም። ነገ እንደሆነ በራሱ ጊዜ መምጣቱ አይቀር፤ ማን ይቀድመዋል? ያለፈውን ዘመን የሚጽፍ ሰው ተረጋግቶ ይጽፋል፤ የሞተ ሰው የትም አይሄድበትም። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚጽፈው ግን እሳት ሊጭር የመጣ ይመስል አንዱን ሳያስቀምጥ ሌላውን ያነሳል። በውጭ አገር ከእነዚህ ደራሲዎች መካከል የገዛ መጽሐፎቻቸውን ቆጥረው የማይጨርሱ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ሲጽፉ ጥራቱ የት ይገባል?

ጥያቄው እኔን በግል ይመለከተኛል። ጋምቤላ ክልል ተብላ ቢሮዎቿ ገና በራቸው ላይ ስማቸውን በሚያስጽፉበት በዚያን ጊዜ የከተማው ብቸኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ እኔ ነበርኩ። ብቸኛ በመሆኔም አንደኛ ነበርኩ። ከደጋ የተመደብኩ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ እኔ ማንጎ ሥር ሆኜ ጠፈር ውስጥ እገባለሁ። እግሬ አርፎ መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ አንዱን ምዕራፍ ተቀምጬ፣ አንዱን ቆሜ እጽፋለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ልብ ወለድ ጨረስኩ፤ ሁሉም ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ባለበት የተማሪ ደብተር። አንዲት ስርዝ አይገኝባቸውም። ይህን ያኔ በኩራት ነበር የማወራው።

በሕይወቴ እየሰረዝኩ የምጽፈው ነገር ቢኖር በየዓመቱ የማስገባው የዝውውር ማመልከቻ ብቻ ነው። ለእሱ ራሱን የቻለ የረቂቅ ደብተር መድቤለታለሁ። አንዲት ቃል ተሳስቼ አለቆቼን እንዳላስቀይም ስል አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን አገላብጠዋለሁ። እሱ ግን ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ እንለፈው።

አንባቢዬ ኡጁሉ ነው። "አንባቢዎቼ" ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንድ ነው። ኡጁሉ እዚሁ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የሞተር ጀልባ ነጂ ነው፤ በወንዙ ቁልቁል ወዳለችው ማታር ከተማ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ፕሮቴስታንት ነው፤ መጠጥ አይቀምስም፣ ማንበብ ግን አይጠግብም። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ እያንዳንዷን ቃል አክብሮ ያነባታል። ችግራችንም ከዚህ ይጀምራል፤ እኔ በጥድፊያ የጻፍኩትን እሱ በዝግታ ያነበዋል።

አንድ ቀን ዘጠነኛውን ደብተር እየመለሰልኝ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ኮማንደር አራተኛው ደብተር ላይ ሞቷል። አሁን ሻይ ይጠጣል" አለኝ። ደነገጥኩ። ቢሆንም እጅ አልሰጠሁም፤ በዚያው ሳምንት አሥረኛውን ጻፍኩና ሟቹ የኮማንደሩ መንትያ ወንድም እንደነበረ ገለጽኩ። ሰዎች ብዛት ጥራትን ይጎዳል እያሉ ያማሉ፤ የጥራት ጉድለት ብዛትን እንደሚወልድ ግን ማን አስተዋለ?

ሌላ ቀን ደግሞ የጠፈር መርከቦቼን ገመገመ። እሱም ነጂ ነውና ያገባዋል። ከመርከቦቼ አንዱ እንኳ አሸዋ ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ፣ አንዱም ነዳጅ ጨርሶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ጠፈር ላይ አሸዋ እንደሌለ በፊዚክስ አስረዳሁት። አሸዋውን ተወልኝና "ነዳጅስ?" አለ። ወሬውን ወደ ብዛት አዞርኩትና ብዙ መጻፍ ጸጋ ነው አልኩት። እሱ በበኩሉ እግዚአብሔር እንኳ አንድ መጽሐፍ አስጽፎ ዝም እንዳለ ነገረኝ። ውስጡ ስልሳ ስድስት መጽሐፍ አለ ብዬ ያዝኩት። እኔ ያደግኩባት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰማንያ አንድ ትቆጥራለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከብዛት ወገን ነኝ ማለት ነው። ኡጁሉ ሳቀ። ነዳጁን ግን አልረሳውም።

ክረምት መጥቶ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የአንዱ ቢሮ ታይፒስት ኛዴንግ አስጠራችኝ። ለከተማው ሕዝብ የማንበቢያ ክፍል ተከፍቷል፤ መደርደሪያው ከመጽሐፍ ቀድሞ ደርሷል። ኃላፊዋም እስከዚያው የከተማችን ሰው የጻፈው አንድ ነገር ይባዛና ይቀመጥበት ብለዋል። ለማባዣ ያለው የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉ፣ የሚበቃው ግን ለአንድ ደብተር ነው። ሃያ ሦስቱንም ላምጣልሽ ብላት ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ። "ጣቴ አሥር ነው ቲቸር። አንድ ጥሩ አምጣ" አለች።

አንድ ጥሩ! አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ልመርጥ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ገለጥኩ፣ ተውኩት፤ ሰባተኛውን ገለጥኩ፣ ተነሳሁ፤ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። መጽሐፌ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማየት የሕይወቴ ምኞት ነው፤ ግን የትኛው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የራሴን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ አቃተኝ። ኡጁሉ በማግስቱ ወደ ማታር ሊሄድ ነበርና ከአልጋዬ ሥር እየጎተትኩ ሃያ ሦስት ደብተር ቆጥሬ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ አስረከብኩት። አንብበህ አንዱን ምረጥልኝ አልኩት። በአራት ቀን እመለሳለሁ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ጀልባዋ ከዓይኔ ከራቀች በኋላ ነው ከደብተሮቹ አንዱም ቅጂ እንደሌለው ትዝ ያለኝ።

አራተኛው ቀን አለፈ። በአምስተኛው ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ባሮ ሞልቶ፣ ግንድ እየገፋ ይሄዳል። እኔ ጠዋት ድልድዩ ላይ ነኝ፣ ቀትር ላይ ዳርቻው ላይ ነኝ፣ ማምሻውን ተመልሼ ድልድዩ ላይ ነኝ። ከታች የመጣ ጀልባ ሁሉ ሳይታሰር ደብተር አይታችኋል ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። ሰዎቹ በሐዘኔታ ያዩኛል። በሰባተኛው ቀን አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ከአፌ የወጣው ጥያቄ "ኡጁሉን አይታችኋል?" የሚል ነበር። ደብተሮቹን ለካ ከረሳኋቸው ቆይቻለሁ። የፈራሁት ለእሱ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

በስምንተኛው ቀን መጣ። ወደ ውሃው ገብቼ እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጠብኩ። ምን ነካህ ብዬ ብጠይቀው ዓይን ዓይኔን እያየ "ነዳጅ አለቀ" አለኝ። ማንም አላለፈም ነበርና አራት ቀን ሙሉ ዳር ይዞ ሲያነብ ከርሟል። ከጥቅሉ አንዱን ደብተር ለይቶ አወጣ። "ይሄ ነው። ሌሎቹ ይሮጣሉ። ይሄ ይቀመጣል" አለ።

ገለጥኩት። የዝውውር ማመልከቻዬ ረቂቅ ነው። ለካ በጥድፊያ ስቆጥር ሃያ ሦስተኛው ልብ ወለድ አልጋዬ ሥር ቀርቶ፣ በሱ ፈንታ ይኸኛው ገብቷል።

ኡጁሉ ታሪኩን ራሱ ይተርክልኝ ጀመር። አንድ ሰውዬ ሩቅ ፕላኔት ላይ ወርዷል። በጣም ሙቀት ነው። የሰዎቹን ቋንቋ አይሰማም፤ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም በሥራው ይጠሩታል። የሰውዬው አገር "የሚመለከተው ክፍል" ይባላል። ወደዚያ መልእክት ይልካል፤ አይመልሱለትም። ደግሞ ይልካል። "መጀመሪያ ብዙ ያወራል፤ በኋላ ይደክመዋል፤ ትንሽ ያወራል። እዚያ ላይ እኔ አዘንኩ" አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጎድሏል አለ። "አምስት ዓመት ኖረ። አንድ ጓደኛ እንኳ አላገኘም?"

እየቀለደብኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየሁት። ፊቱ ጀልባ ሲነዳ የሚይዘው ፊት ነው፤ ምንም አይነበብበትም። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አፈርኩ። ረስቼው ነው አልኩት። "እንግዲያ ጨምር" ብሎኝ ጀልባውን ሊያስር ሄደ።

በዚያው ቀን ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ፤ እግሬም አልተነሳም። "እዚህ አንድ ጓደኛ አለኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ማመልከቻው ፈረሰ፤ ጓደኛ ያለው ሰው በምን በቂ ምክንያት ይዛወራል? ሰረዝኩት። መልሼ ሳነበው መጽሐፉ ፈረሰ። እንደገና ጻፍኩት። ኛዴንግ ሁለት ሳምንት ታገሰችኝ፤ ከዚያ ስቴንስሉ በቃለ ጉባኤ አለቀ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ያን አንድ መጽሐፍ በዓመት አንድ ዓረፍተ ነገር እየጻፍኩ፣ እሱንም እየሰረዝኩ አለሁ። ስለ ጥራት ሊጠይቀኝ የሚፈልግ ካለ አድራሻዬ አልተለወጠም።