አባቱን ያልተናገረው እንግዳ

የፈራሁት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ያ ገጽ ልጄን የእናቷን ስም ሲጠይቃት ነው። ልጄ ለዓረብ አገር ሥራ ልትመዘገብ ሰቆጣ አዲስ ወደተከፈተው ኢንተርኔት ቤት ይዛኝ ሄዳለች፤ ፓስፖርቷ ጭኗ ላይ ነው። ጥያቄውን ጮክ ብላ እያነበበች ስሟን፣ የአባቷን ስም ጽፋለት፣ አሁን የኔ ስም ላይ ደርሳለች። እኔ ፊደሉን ለመለየት ያህል ነው የተማርኩት፤ ሰማያዊው ብርሃን ላይ ዓይኔ ፈዞ፣ የጠዋት ጉም ውስጥ የተቀመጥኩ መስሎኛል።

ለመሆኑ ዘበኛ ቀጥሮ የራሱን ዓይን የሚጨፍን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የቤቱ ባለቤት ጌታሁን እንደዚያ ነው።

«እትዬ፣ አይስጉ። ለድርጅት የሚሆነውን ፀረ ቫይረስ ጭኛለሁ፤ ክፉ ገጽ ቢመጣ ከደጅ ይመልሰዋል» አለኝ፣ ጥግ ላይ የምትበራውን አረንጓዴ ምልክት እያሳየኝ።

አገራችን አበርገሌ ማሽላችን መሀል የምናቆመው የወፍ ማስፈራሪያ ውል አለኝ። ወፎቹ ሲለምዱት ትከሻው ላይ ያርፋሉ።

«ይሄ እንግዳስ የማን ልጅ ነው?» አልኩት።

«እማዬ፣ ድረ ገጽ አባት አለው እንዴ?» ብላ ልጄ ሳቀች።

አዬ ልጄ። እኛ ዘንድ እንግዳ አገሩንና አባቱን ሳይናገር ይገባል? ይሄኛው የኛን ዘር ሁሉ ጠይቆ የራሱን ደበቀ፤ ያ ዘበኛ ተብዬም አልጠየቀው። ቀጥሎ የፓስፖርትሽን ፎቶ ላኪ አላት። ፓስፖርቱን ከጭኗ አንስቼ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

ጌታሁን ሊያሳፍረኝ ብሎ ገጹን ራሱ ነካው። ወዲያው መስኮት በመስኮት ላይ እየተከፈተ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ እንደ አንበጣ ሸፈናቸው። አረንጓዴዋ ምልክት ግን ሁሉም ሰላም ነው እንደምትል ሁሉ ትበራለች።

የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ። ቤታችን ገብተን በሩን ዘጋሁት። አኩርፋኛለች፤ ግን አጠገቤ ናት። ድነናል።