ጉበቴን ሊመረምሩ እንስሳ አስቆጠሩኝ

በእኛ በሐበሾች አካል ውስጥ ሥራ ፈት የለም። ልብ ያስባል፣ ሆድ ይችላል፣ አንጀት ይራራል፣ ሐሞት ይደፍራል፣ ጨጓራ ደግሞ ዘመድ ሳይጠራ ሲመጣና መብራት ሲጠፋ ይላጣል። ምንም የሥራ ድርሻ ያልተሰጠው ጉበት ብቻ ነው። “ጉበተ ቢስ” ተብሎ የተሰደበ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? “ጉበቴ ተላወሰ” ብሎ ያለቀሰስ? እኔ ጉበትን የማውቀው በምግብ ቤቴ ሳህን ላይ፣ ከሚጥሚጣ ጋር ነው። ታዲያ ይህ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሥጋ ድንገት ተነስቶ “የአእምሮህ አዛዥ እኔ ነኝ” ቢላችሁ ደማችሁ አይፈላም? የኔ ፈልቷል። እስካሁንም አልበረደም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እዚህ ጁባ፣ ጀበል ሰፈር፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከጎኗ ባር አላት። ከዓመታት በፊት የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር። ለቀቀኝ ስል ቫይረሱ ለካ ጉበቴ ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ኖሮ፣ ጉበቴን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ከመጠጥ የቀመስኩት ቢኖር የደንበኛ ቢራ ስከፍት እጄ ላይ የፈሰሰውን ነው። ማን ያምነኛል? ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሰዎች ከገዛ ባሬ ቢራ አዝዘው፣ ጠርሙሱን እንደያዙ፣ “ምነው ይሄን መጠጥ ብትተወው?” ይሉኛል። እነሱ ይጠጣሉ፣ የኔ ጉበት ይታማል። ይሄ ፍርድ ነው?

ይህንንስ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ባለቤቴ አስካለ በመኪናዬ ላይ የጀመረችውን ዘመቻ ነው። አንድ ቀን ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሽንኩርትና ዘይት ጭኜ ስመለስ ከአንድ የውሃ ቦቴ ጋር ተነካካን። እኔ “ተነካካን” እላለሁ፤ እሷ “ቆሞ የነበረ ቦቴ ገጨ” ትላለች። ይቁም! መቆም ነጻ ያወጣል እንዴ? ያለ ቦታው የቆመ ቦቴ ጥፋተኛ አይደለም? እሷ ግን አልሰማችም። ሽሮ ላዘዘው ጥብስ ልከሃል፣ የተናገርከውን መልሰህ ትናገራለህ፣ ቀን ታንቀላፋለህ፣ አልፎ አልፎም ዓይንህ እያየ አታይም እያለች ሆስፒታል ካልሄድን ቁልፉን አልሰጥህም አለች። ያለ መኪና የጁባ ምግብ ቤት ምን ይሆናል? ገበያው በእግሩ አይመጣም። ያቺ መኪና እጄና እግሬ ናት። ቁልፉን ተቀብዬ እየነዳሁ ሄድን።

ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም፤ ጁባ ታውን አጠገብ ነው ልበላችሁና ይብቃ። ሐኪሙ ዶክተር ቾል ይባላል። የዚሁ አገር፣ የኑዌር ልጅ ነው፤ ግን ተወልዶ ያደገው ኢትዮጵያ፣ በስደተኞች መጠለያ ስለሆነ አማርኛው ከኔ ይጠራል። “ጋሼ” ብሎ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። እኔም ገና በዚያች በብድግታው ወደድኩት፣ ሞኝ! ጥናት እያደረግን ነው አለኝ። ጉበት ሲጎዳ ከደም ውስጥ የማያጣራው መርዝ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ሰውየው ይሥቃል፣ ይጫወታል፣ ነጋዴም ከሆነ ይነግዳል፣ ግን ትኩረቱና ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይደክማሉ፤ እሱም አያውቀውም፣ ሌላውም አያውቅበትም፤ እኛ የምንፈልገው ይህንን ስውር ድካም ቀድመን የምንይዝበትን ቀላል ፈተና ነው አለ። ድካሙ ያለበት ሰው ደግሞ ለጊዜው መኪና መንዳት የለበትም ሲል አስካለ ወንበሯን ወደፊት ሳበች።

ከኔ በፊት አንድ ሽማግሌ ገብተው ነበር። እሳቸውም ኢታንግ መጠለያ ለዓመታት የኖሩ፣ አማርኛ የሚያውቁ ኑዌር ናቸው። ሲወጡ በንዴት ወለሉን በከዘራቸው ይደበድቡ ነበር። ምን ሆኑ ብላቸው፣ እንስሳ ጥራ ብለውኝ፣ ቡሬውን ጠራሁ፣ ቦቃውን ጠራሁ፣ ዳለቻውን ጠራሁ፣ ለእያንዳንዱ በኛ ቋንቋ የየራሱ ስም አለው፣ ሁሉንም ደምሮ “አንድ፣ ከብት” አለኝ፣ የገዛ የወገኔ ልጅ! አሉኝ። ከብትና ከብት አንድ ነው የሚል ሰው ከብት ኖሮት አያውቅም አሉና ወጡ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። ግን የሰው ብሶት መቼ ያነቃል?

በመጀመሪያ ወረቀት ላይ የተበተኑ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል በመስመር አገናኝ ተባልኩ። አገናኘሁ። እሱን ማንሳት ለነገሩ አያስፈልግም። ቀጥሎ ዶክተሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት በሙሉ ይጥሩልኝ አለኝ። ሣቄ መጣ። ሥጋ በመሸጥ የሚኖር ሰው እንስሳ ጥራ ይባላል?

ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው፣ ዶክተር፣ ከጾሙ ልጀምር ከፍስኩ? ብዬ ጠየቅኩ። ከየትም ይጀምሩ ጋሼ አለኝ። ዓሣ እንስሳ ነው እንዴ? አልኩት። ሰዓቱ እየሄደ ነው ጋሼ አለኝ። በግ፣ ፍየል፣ በሬ፣ ዶሮ አልኩ። ዶሮ ስል ማቀዝቀዣው ትዝ አለኝ፤ ጄኔሬተሩ ጠዋት ተነስቶ ነበር አልተነሳም? ተመለስኩ። ቀጥሎ የመጣልኝ አህያ ነው። እናንተ ፍረዱኝ፦ የተማረ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ አፍ እንዳመጣ “አህያ” ይባላል? ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶክተር፣ አህያ አልኩ። ወዲያው ውሻ መጣ። አሁንም ይቅርታዎን፣ አፈር ልሁንና፣ ውሻ አልኩ። ከዚያ ያ በሆዱ የሚሳበው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ስሙን ቄስ ይጥራው ብዬ አማተብኩ። ማማተብ ደግሞ በጥድፊያ አይሆንም፤ ቀኝና ግራ አለው። በመጨረሻ ወፍ ልል ስል የራሴ በሽታ ድቅን አለብኝ። ወፍ! ከዓመታት በፊት ዓይኔን ቢጫ አድርጋ የጀመረችኝ እሷ አይደለችም? ዝም ብዬ ሳስባት ስልኩ ጮኸ። አበቃ ጋሼ አለኝ።

ዶክተሩ ጥቂት ጻፈና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ የነገርኩዎት ስውር ድካም ያለብዎት ይመስላል አለ። መኪና ለጊዜው ይቁም፤ ሽሮፕ አዝዝልዎታለሁ፣ መርዙን በሆድ በኩል ያወጣዋል፣ ሆድዎ ቶሎ ቶሎ ቢሄድ እንዳይደነግጡ፤ ሲሻልዎ ደግመን እናያለን አለ። እስቲ ልብ በሉልኝ! ለአእምሮዬ የታዘዘው መድኃኒት ሥራውን የሚሠራው ሽንት ቤት ነው። ዘመድ ቢጠይቀኝ ምን ልበል? “ጭንቅላቴን አሞኝ ተቅማጥ አዘዙልኝ” ልበል?

እዚህ ላይ ቱግ አልኩ። እውነቱን ለመናገር የቁጣዬ ግማሹ ፍርሃት ነበር። ጉበቴ አለቀ ሲሉኝ አዘንኩ እንጂ አልፈራሁም፤ ጭንቅላትህ ሲሉኝ ግን ፈራሁ። ያለ ጭንቅላቴ እኔ ማን ነኝ? ፍርሃት ግን ሰው ፊት አይወጣም፤ ስለዚህ ቁጣውን አወጣሁት። “ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር” ይባል የለ? ተናገርኩ። ከ“እርስዎ” ወርጄ “አንተ” አልኩት። ስማ ልጄ አልኩት፣ የወደቅኩት ባስተዳደጌ እንጂ በጉበቴ አይደለም! ይህንን ፈተና ያወጣው ፈረንጅ አህያን ይቅርታ ሳይጠይቅ የሚጠራ ሰው ነው። በሱ ደቂቃ እኔን ትለካለህ? እነዚያን ሽማግሌ ከብታቸውን ጨፍልቀህ “አንድ” ስትላቸው አላፈርክም? በል እንግዲያው ወንድ ከሆንክ ጤነኛ ሐበሻ አምጣና ፈትን! ይቅርታ የሚጠይቅ፣ የሚያማትብ፣ ረቡዕ የሚጾም፣ ጉበቱ ግን ደኅና የሆነ! እሱም እንደኔ ካልወደቀ መኪናዬን እዚሁ ጥዬልህ እሄዳለሁ!

ዶክተሩ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ። ልክ ነዎት ጋሼ አለኝ። ጥናታችን የጎደለው ይሄው ነው፤ የሽማግሌውም ነገር እየከነከነኝ ነው፣ የአገሩን ጤነኛ ሳንለካ የአገሩን በሽተኛ መለካት አንችልም፤ ሐበሻ ጤነኛ ግን ለፈተና እሺ የሚለን አጣን አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለሳይንስ መንገድ አሳየሁት ብዬ በኩራት ወደ አስካለ ዞር ስል፣ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እኔ አለሁ አይደል? አለች። ጉበቷን ባለፈው ሰሞን ከኔ ጋር ተመርምራ ነጻ ናት ተብላለች። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አይርቅም። ይቅርታ በመጠየቅና በማማተብ ደግሞ እኔን ታስንቃለች። እሰየው አልኩ። አሁን ትወድቅልኛለች፣ ነጻ እወጣለሁ፣ ቁልፌን እንደያዝኩ ወደ ገበያዬ!

ዶክተሩ ስልኩን ነካ። በግ፣ ፍየል፣ ላም አለች። ይቅርታ ይደረግልኝና አህያ፣ በቅሎ፣ ፈረስ፣ ግመል። ይቅርታ ውሻ፣ ድመት፣ አይጥ። ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ። ሚዳቋ፣ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ጃርት፣ ቀበሮ፣ ጅብ። ስሙን ቄስ ይጥራው አለችና አማተበች፣ አማትባም አልቀረች፣ እባብ ብላ ራሷ ጠራችው። ከዚያ ነጭ ዓባይ ውስጥ ገባች፤ አዞና ጉማሬውን ይዛ ወጣች። ትንፋሽ ስባ፣ የሰማዩም ይቆጠራል? ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትጠብቅ አሞራ፣ ንስር፣ ጥንብ አንሣ፣ ቁራ፣ እርግብ እያለች ስልኩ ሲጮህ፣ ውይ፣ ገና ነፍሳቱን አልነካሁም! አለች።

“በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት” ያለው ሰው ምን ደርሶበት እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ። ቢሆንም እጅ አልሰጠሁም። አንዲት ሴት ለአንድ ሕዝብ መለኪያ ትሆናለች እንዴ? አልኩ። አትሆንም ጋሼ፣ ገና ብዙ ሰው እንፈትናለን አለ ዶክተሩ፣ እጅግ በትሕትና፤ ግን ቁጥሮቹን ሲያገናኙ ማንን ይቅርታ ሲጠይቁ ነው ያን ያህል የዘገዩት? አለኝ። ይሄ ልጅ ያደገው መጠለያ ነው ወይስ ፍርድ ቤት? መልስ ፈለግሁ። የድሮው እኔ ቢሆን መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይደርስ ነበር። ያን ቀን ግን አልመጣም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። አስካለ ያን ዝምታዬን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በድል አልሣቀችም፣ እጇን ብቻ ዘረጋች። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

አሁን ችግሩ አስካለ መንዳት አትችልም። ስለዚህ ደህናዋ መኪናችን፣ ሙሉ ነዳጅ ይዛ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ቀረች፤ እኛ ሽሮፓችንን ይዘን አዲስ አበባ ባጃጅ በሚባለው፣ እዚህ ራክሻ በምንለው ተሳፈርን። ባለ ራክሻው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰክቶ፣ በአንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው ከሚያወራው ሰው ጋር ይከራከራል። ከተቃራኒ በሚመጣው መኪና መስመር ላይ ገብቶ ጀበል ድረስ ወሰደን። ቀንዳቸው የተንጨፈረረ ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ እንኳ ፍሬን አልነካም፤ በአንዷ ላምና በአንድ ቦቴ መካከል እንደ መርፌ ሾለከ። እኔ ጮኽኩ። እሱ ዞር ብሎ ሳያየኝ በዓረብኛ “ማፊ ሙሽኪላ”፣ ችግር የለም፣ አለና ወሬውን ቀጠለ። ይህንን ሰውዬ እንስሳ ጥራ ያለው ማን ነው? አስካለ ግን ቦርሳዋን ከነቁልፉ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ረጅም የእፎይታ ትንፋሽ ተነፈሰች። ተመስገን አለች፤ አየህ፣ ጤነኛ ሰው ሲነዳ እንዴት እንደሚያሳርፍ?